ከአባቱ በፊት ሚስቱን ሰላም ያለው ደብዳቤ

ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ የተመደብኩት ከእንጅባራ ወደ ጥሊሊ በሚወስደው መንገድ፣ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ያደግሁት ዳንግላ ከተማ ነው። ዳንግላ ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ ቋንቋው ግን ራቀብኝ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ በአማርኛ ይማራሉ፤ ደወል ተደውሎ ከበር ሲወጡ ግን ጨዋታው ሁሉ በአዊኛ ይሆናል። እኔ ከአዊኛ የማውቀው ሰላምታና የጥቂት ተክሎችን ስም ብቻ ነበር።

በዚያው ዓመት ያልጠበቅሁት ሥራ ተጨመረልኝ። ብሔራዊ ውትድርና ከአካባቢው ብዙ ወጣት ስለወሰደ፣ ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ከሰሜን የመጣ ደብዳቤ ያነባል፤ ወደ ሰሜን የሚሄደውንም ይጽፋል። ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ሥርዓት እወዳለሁ፤ ቀን በቀኝ ራስጌ፣ አድራሻ ከሥሩ፣ አንድ አሳብ በአንድ አንቀጽ። ለአራተኛ ክፍል ልጆች የደብዳቤ አጻጻፍ ሳስተምር፣ እያንዳንዱ ክፍል የሚያርፍበትን ቦታ ሰሌዳው ላይ በማስመሪያ ሣጥን ሠርቼ ነበር የማሳያቸው። ያንን ሣጥን የሰበረብኝ አንድ ቤት ነው፤ የምጽፈውም ስለዚያ ቤት ነው።

ቤቱ ከትምህርት ቤቱ በታች፣ በቀርከሃ አጥር የተከበበ ነበር። ሽማግሌው ገበሬ፣ ባለቤታቸውና ምራታቸው ይኖሩበታል። ልጃቸው፣ የምራቲቱ ባል፣ ሰሜን ግንባር ነው። ከበረቱ ጎን ልጁ ትቶት የሄደው ዳማ ፈረስ ታስሮ ይታያል። በዚያ አገር ፈረስ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ወንድ ልጅ ለሠርግም፣ ለገበያም፣ ለለቅሶም የሚሄደው በፈረሱ ነው፤ ሰውን ከሩቅ የሚለዩትም በፈረሱ ነው። «ዳማው መጣ» ከተባለ ባለቤቱ መጣ ማለት ነው።

ምራቲቱ በእኔ ዕድሜ ናት። ከሰዓት በኋላ በማስተምረው የመሠረተ ትምህርት ክፍል ከኋላ ወንበር ትቀመጥ ነበር። ፊደሎቹን ለይታለች፤ ደብዳቤ ለመጻፍ ግን ገና ነበረች። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ እኔ እወርዳለሁ።

«ጻፍ» አሉኝ ሽማግሌው በመጀመሪያው ቀን፣ መደቡ ላይ ተደላድለው። «ይድረስ ለልጃችን። አባትህ እንደምን ሰነበትክ ይልሃል። እናትህ እንደምን ሰነበትክ ትልሃለች። የክርስትና አባትህ እንደምን ሰነበትክ ይልሃል። አጎትህ እንደምን ሰነበትክ ይልሃል። የአጎትህ ሚስት…»

ገጹ ተጋመሰ። ልቋቋመው አልቻልኩም።

«አባባ» አልኩ፣ «ለምን ‹ሁላችንም እንደምን ሰነበትክ እንልሃለን› ብለን በአንድ መስመር አንጨርሰውም? ወረቀቱ ለቁም ነገሩ ይተርፈናል።»

«ቁም ነገሩ ምንድን ነው?»

«ወሬው ነዋ። ስለ እህሉ፣ ስለ ከብቱ…»

«እህሉን እዚያ ሆኖ አያጭደው» አሉ። «የክርስትና አባቱን ብትዘልለው ግን ምን ሆነ ይላል። ሞቷል ብሎ ሲያለቅስ ቢያድርስ? አንተ ነህ የምታባብለው?»

ባለቤታቸው ከምድጃው ዳር ሳቅ አሉ። ምራቲቱም እንስራውን እያዘመመች፣ «መምህር ሰላምታ ሲጽፉ እጃቸውን ያማቸዋል መሰለኝ» አለች።

ጻፍኩ። ከሰላምታው በኋላ ሦስቱ በአዊኛ መነጋገር ጀመሩ። አንዱ ያነሣል፣ አንዱ ይጥላል፤ እናትየው እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ ሽማግሌው ቁጣ ቁጣ ይላቸዋል። እስክሪብቶዬን ቀስሬ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው፣

«ደህና ነን በለው» አሉ።

«ይህን ሁሉ ያላችሁት ‹ደህና ነን› ነው?»

«ሌላውን ምን ያደርግለታል?»

ከዚያ ወደ ምራቲቱ ዞርኩ። «አንቺስ፣ እታለም?»

አማቾቿን አየት አድርጋ አንገቷን ደፋች። «እኔማ ደህና ነኝ በሉት» አለች፤ ደግሞም፣ «ፈረሱም ደህና ነው» አለች።

ያ ነው። በጻፍነው ደብዳቤ ሁሉ የእሷ ድርሻ ያቺ አንዲት መስመር ነበረች፤ ፈረሱም ደህና ነው። ሌላ የምትለው እንዳላት ያስታውቃል፤ ነገር ግን ደብዳቤ የቤተሰብ ሁሉ ነው፤ ሁሉ በተቀመጠበት ይጻፋል፣ ሁሉ በተቀመጠበት ይነበባል። ባሏም መጻፍ አይችልም፤ እዚያ የሚጽፍለት ጓደኛ አለው። ነገሩን ስናየው እንግዲህ፣ ባልና ሚስት በሁለት እንግዳ ሰዎች አፍ ነበር የሚነጋገሩት። እሷ በአዊኛ ታስባለች፤ ለእኔ በአማርኛ ትነግረኛለች፤ እኔ እጽፋለሁ፤ ግንባር ላይ የማላውቀው ሰው ያነብለታል። እዚህ መሀል ምን ያህሉ እንደሚፈስ አስቡት።

የዚያ የማላውቀው ሰው ደብዳቤዎች ደግሞ ያናድዱኝ ነበር። በወረቀቱ አራት ማዕዘን በቀይና በአረንጓዴ ቀለም አበባ ይስላል። ቀን አይጽፍም። ሰላምታውን ያለ ነጥብ፣ ያለ አንቀጽ፣ ከአባት ጀምሮ ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ክርስትና አባት፣ ከዚያ ወደ ጎረቤት እያለ ያወርደዋል፤ ሚስቱ የምትነሣው ከሁሉም በኋላ፣ በወረቀቱ ጫፍ ነው። ይህ ንቀት አይደለም። ሚስትን ከወላጅ ፊት መጥራት ነውር ስለሆነ፣ ጨዋ ልጅ ሚስቱን ከታች ያስቀምጣታል። ከሁሉ በታች ደግሞ ያ ጸሐፊ፣ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!» ብሎ በትልልቁ ይዘጋል። እዚያ በደረስኩ ቁጥር እናትየው ይደነግጣሉ።

«ሞትን ምን አመጣው?»

«መፈክር ነው፣ እማማ። ሁሉም ይጽፈዋል።»

«ይጻፉት፤ አንተ አታንብበው።»

ከዚያ ወዲያ ሳላነበው ማጠፍ ጀመርኩ። አበባዎቹን ግን ሁሉም ይወዷቸው ነበር። ሽማግሌው ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብለው አበባውን በጣታቸው ዳሰስ ሳያደርጉ አይመልሱልኝም።

ክረምቱ እንደወጣ ደብዳቤው ቀረ። በራዲዮ የሚነገረው ድል ነው፤ ጥሊሊ ገበያ ላይ በሹክሹክታ የሚወራው ሌላ ነው። የመስቀል በዓል አለፈ፤ ገናም አለፈ። ከጥምቀት በኋላ በአንድ ቅዳሜ እንጅባራ ወርጄ የትምህርት ቤቱን ፖስታ ስቀበል፣ የወታደር አድራሻ ያለበት ፖስታ መሀሉ ላይ አገኘሁ። መንገዱን በሩጫ ነው የመጣሁት ማለት ይቻላል። ሦስቱንም ሰብስቤ ከፈትኩት፤ በልቤ የተሰማኝን አልደብቅም፤ ደስ አለኝ። ቀኑ በቀኝ ራስጌ ተጽፏል። እጅ ጽሑፉ ቀጥ ያለ ነው። አንቀጽ አለው።

«‹ይድረስ ለውድ ባለቤቴ። እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። አባቴንና እናቴን፣ ዘመድ ጎረቤቱንም ሁሉ ሰላም በይልኝ። ቦታ ስለቀየርን ሳልጽፍ ቆየሁ። አታስቡ። ፈረሱን አደራ።›» ቀና ብዬ፣ «ይኸው! ደህና ነው! ደብዳቤ ማለት እንዲህ ነው!» አልኩ።

ሽማግሌው ከመደቡ ወደ ፊት አዘነበሉ።

«እንደገና አንብበው» አሉ ሽማግሌው።

አነበብኩት።

«አባቱን የት ላይ ነው የጠራው?»

«እዚህ ላይ… ከባለቤቱ ቀጥሎ።»

«ከባለቤቱ ቀጥሎ» አሉ፤ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አራቱንም ማዕዘን አዩት። «አበባውስ?»

«ጸሐፊው ሌላ ነው፣ አባባ። እጁ ተለውጧል።»

እናትየው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰው ነጠላውን የሚያዘቀዝቀው ለሐዘን ነው።

የማስረዳት ልማድ አለብኝ፤ አሁንም አልለቀቀኝም። «ተረጋጉ» አልኳቸው። «ነገሩን አንድ በአንድ እንየው። ጸሐፊው ተለወጠ ማለት ባለ ደብዳቤው ተለወጠ ማለት አይደለም። ይህኛው ጸሐፊ እንደ እኔ ትምህርት ቤት የተማረ ነው፤ ሰላምታ ማሳጠር ተምሯል፤ ፖስታው ላይ የተጻፈው የባለቤቱ ስም ስለሆነ ከእሷ ጀመረ። እኔም ብሆን…»

«መምህር» አሉኝ ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ልጄን የወለድኩት እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት ሚስቱን አይጠራም። የክርስትና አባቱን ‹ዘመድ ጎረቤት› ውስጥ አይከተውም። ይህን የጻፈው የሚያዝንልን ሰው ነው። መርዶውን ሊያቆይልን ነው።»

እዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር መከራከር ለምን እንደከበደኝ ልግለጽ። በአገራችን የሩቅ ሞት እንደ ወሬ አይነገርም። የሰማ ሰው ይይዘዋል። «ትንሽ አሞታል» ይላል፣ «ደህና ነው፣ ሰላም ብሏችኋል» ይላል፤ ቀኑ ሲደርስ ሽማግሌዎች ማለዳ ከቤት ይመጣሉ። ይህን ያላደረገ ሰው የለም፤ እናቴም ለጎረቤታችን አድርጋዋለች። አጭርና ደግ ደብዳቤ፣ «አታስቡ» የሚል ደብዳቤ፣ ለእነሱ ከዚያ የተለየ አልነበረም። እኔ ማስረጃ ነው ያልኩት ሁሉ ለእነሱ የሞቱ ምልክት ነበር። ንጹሕ እጅ፣ አጭር ሰላምታ፣ በቦታው የተጻፈ ቀን። በማስመሪያ ሣጥን ሠርቼ ያስተማርኩት ደብዳቤ መጥቶ ሰውየውን ገደለብኝ።

በሳምንቱ ሽማግሌው ወሰኑ። ጾሙ ሊገባ ስለሆነ ፋሲካ ይለፍ፤ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ዘመድ ይጠራና ይለቀስ አሉ። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ ፈረሱ ነው ሰውየው። ኮርቻና ልጓሙ ይደረግለታል፤ የክብር ልብሱን፣ መርገፍ፣ ይለብሳል፤ የሟቹ ጋቢና ዱላ ኮርቻው ላይ ይደረጋል፤ ያለ ሰው በለቅሶተኛው መሀል ይዞራል። ያን ያየ ሰው ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞቷል ይላል።

ምራቲቱ እስከዚያ ድረስ ሥራዋ ላይ ነበረች። የፈረሱ ነገር ሲነሣ ግን፣ «አባባ፣ ሌላውን እንዳሉ» አለች። «ፈረሱ ግን አይጫንም።»

«ማን ሊከለክለኝ ነው?»

«እኔ። አደራ ያለው ለእኔ ነው።»

«ያለው ማን ነው? ወረቀቱ?»

በበሩ ወደ ፈረሱ አየች። «ከተለቀሰ በኋላ እኔ እዚህ ቤት ምንድን ነኝ?» አለች።

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፈረሱ ከዞረ እሷ መበለት ናት፤ ጸጉሯን ትቆረጣለች፤ ልጅ ስላልወለደች ወንድሞቿ መጥተው ወደ አባቷ ቤት ይወስዷታል። ሰውየው በሕይወት ካለም፣ ሲመጣ የሚያገኘው ባዶ ቤት ነው።

እኔ ደግሞ ነገሩ ሁሉ በአንድ ወረቀት የሚጠራ ሆኖ ይታየኝ ነበር። ዳንግላ ወላጆቼን ልጠይቅ ስሄድ ይመለከተዋል ወደተባለ አንድ ቢሮ ገባሁ። የቢሮው ጸሐፊ ማመልከቻዬን ሳያነበው ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው።

«የሞተ ካለ ለቤተሰቡ ይገለጻል። ተገልጾላቸዋል?»

«አልተገለጸም።»

«እንግዲያው አልሞተም።»

«ያልተገለጸለት ሁሉ በሕይወት አለ ማለት ነው?»

«እኔ አላልኩም፣ ጓድ መምህር። አንተ ነህ ያልከው።»

«በሕይወት አለ የሚል ወረቀትስ ትሰጠኛለህ?»

ሰውዬው ወደ ባልደረባው ዞሮ፣ «ስማ፣ ለደህና ሰው ወረቀት ስጡኝ ይላል!» አለና ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ማመልከቻዬን መልሶ፣ በገበሬ ማኅበሩ በኩል ካልመጣ እንደማይቀበለው ነገረኝ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ ቢሮው ካልጠየቀው አይጽፍም።

ስመለስ ሌላ መላ አመጣሁ። «ራሱን እንጠይቀው» አልኳቸው። «እሱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር እንጻፍ። መልሱ ከመጣ በሕይወት አለ። ለምሳሌ የወይፈኑ ቀለም…»

«ወታደር ሥራ ሲፈታ ስለ ከብቱ ነው የሚያወራው» አሉ ሽማግሌው። «ጓደኛው ሁሉ የወይፈኑን ቀለም ያውቀዋል።»

«የእናቱን አገር?»

«እሱንም ነግሯቸዋል።»

«የፈረሱን…»

«ስለ ፈረሱማ ጦሩ በሙሉ ሰምቷል!» አሉ፤ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል የኩራት ነገር ድምፃቸው ውስጥ ነበር።

ተስፋ ልቆርጥ ስል ምራቲቱ ከበሩ አጠገብ፣ «አንድ ነገር አለ» አለች። ሁላችንም ዞርን። ፊቷ ቀልቷል። «የሄደ ዕለት እስከ ዘንገና ሸኝቼው ነበር። ሐይቁ አፋፍ ላይ… አንድ ነገር ብሎኛል። ማንም አልሰማም።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ጣራ ጣራውን ያዩ ጀመር። እናትየው እሳቱን ቆሰቆሱ። እኔ ደግሞ እስክሪብቶዬን አንሥቼ፣ «ምንድን ነው ያለሽ?» አልኩ፤ ለማመሳከሪያ እንዲሆነኝ ብዬ ነው።

«ለእርስዎ ብነግርዎት እሱ ብቻ የሚያውቀው መሆኑ ይቀር የለም?»

ትክክል ናት። «ዘንገና አፋፍ ላይ ስንለያይ ያልከኝን ቃል ጻፍልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ሽማግሌው ደግሞ፣ «በዚያ ላይ ጨምር፤ ለሚጽፍልህ ሰው ንገረው፣ በእኛ አገር አባት ነው የሚቀድመው በለው» አሉ። ጨመርኩ፤ እጅ ጽሑፉ ለምን እንደተለወጠ መጠየቂያና ለቅሶ መታሰቡንም እኔው ጻፍኩበት።

ጾሙን በሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እንጅባራ ወረድኩ። አንድ ቅዳሜ የፖስታ ሠራተኛው ስብሰባ ላይ ነው። በሚቀጥለው በዓል ነው ተብሎ ተዘግቷል። በሌላው ቁልፉን ይዞ ስብሰባ ሄዷል። በሩን አንድ ቀን በእርግጫ ልለው ዳር ዳር አልኩ፤ ልጆች እያዩኝ ስለነበረ ተውኩት። ቤት ስመለስ ሽማግሌው አጥሩ ሥር ተቀምጠው የኮርቻውን ጠፍር ቅቤ ያሹታል፤ እናትየው ለለቅሶው ጠላ የሚሆን ጌሾ ያሰጣሉ። ሁለቱም ቀና ብለው ያዩኝና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ምራቲቱ ፈረሱን ከበረቱ ጎን ፈትታ ከራሷ ጎጆ በር ላይ አስራዋለች። ሣር እዚያው ታቀርብለታለች።

መልሱ የመጣው ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ዘመድ ሁሉ ተጠርቶ ጠላው ከተጠመቀ በኋላ ነው። እጁ ያው የንጹሑ ጸሐፊ እጅ ነው። ግን ምን ሆኗል! ገጹ ከላይ እስከ ታች ሰላምታ ነው። አባት፣ እናት፣ የክርስትና አባት፣ አጎት፣ የአጎት ሚስት፣ የማዶው ጎረቤት፣ የወዲሁ ጎረቤት። ፊደሉ ወደ ታች እየወረደ ሲሄድ እየተንጋደደ፣ እየተቻኮለ ሄዷል። ምርር እንዳለው ከእጁ ታወቀኝ። የማላውቀውን ሰው ያን ቀን ወንድሜ አደረግሁት።

ገጹን ገልብጬ ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«‹ከዚህ በታች ያለው የእኔ የጸሐፊው ቃል ነው። ደብዳቤያችሁን ሳነብለት፣ ስለ ዘንገናው ከተጠየቀው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀኝ። ምን ብለህ ነበር፣ ንገረኝና ልጻፈው ስለው፣ አንተ ምን ቤት ነህ አለኝ። ሞተሃል ብለው ሊያለቅሱልህ ነው አልኩት። ያልቅሱ፣ ይህን ለሰው አልናገርም፣ አንተም እንዳትጽፈው አለኝ። ብለምነው፣ ብቆጣው እንቢ አለ። ስለዚህ መልስ የለውም። ይቅርታ አድርጉልኝ።›»

ወረቀቱን ጭኔ ላይ ጣልኩት። «መልስ የለውም!» አልኩ። መጮኼ ራሴን አስደነገጠኝ። «አንድ ቃል! አንድ ቃል ቢጽፍ ምን ነበረበት? ይህን ሁሉ ወር ጠብቀን…»

ሳቅ ሰማሁ። ሽማግሌው ናቸው። መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ከዚያ በሆዳቸው፣ ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ለባለቤታቸው በአዊኛ ሲያስረዷቸው እሳቸውም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«አባባ፣ ምኑ ያስቃል? አልመለሰም እኮ!»

«የሚዋሽማ ቢሆን አንድ ነገር ይል ነበር!» አሉኝ። «‹እወድሻለሁ› ብሎኛል፣ ‹እመለሳለሁ› ብሎኛል ብሎ አሣምሮ ይጽፍልን ነበር። እንዲህ ያለ ድርቅና ከየት ያመጣዋል? ይህ የእኔ ልጅ ነው። ሕፃን ሆኖ ጥፋቱን ንገረኝ ስለው አርጩሜው እስኪሰበር አይናገርም ነበር!»

«ግን በደንብ ብናስበው፣ ብልህ ውሸታም ቢሆን…»

«መምህር፣ እባክህን ዝም በል!»

ምራቲቱ ተነሥታ ወጥታ ነበር። በበሩ ሳይ ፈረሱ አንገት ላይ ግንባሯን ደፍታ ቆማለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ትስቅ ታልቅስ ከዚያ ርቀት አልለየሁም።

ያንን ቃል እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። ከዓመታት በኋላ፣ ጦሩ ተበትኖ የተረፈው ሁሉ ወደየቤቱ ሲገባ፣ እኔ ወደ ዳንግላ ተዛውሬ ነበር። አንድ ቀን ገበያ ላይ አንድ ሰው ከዳማ ፈረስ ወርዶ ትከሻዬን ሳመኝ፤ ያን ጊዜ ነው በዓይን የተያየነው። ከሰላምታው በኋላ፣ ሰላምታው ረጅም ነበር፣ ጠየቅሁት።

«እሷን አልጠየቅሃትም?» አለኝ።

«ጠይቄያታለሁ።»

«ምን አለችህ?»

«እንቢ አለችኝ።»

«በል እንግዲህ» አለና ወደ ፈረሱ ዞረ።

መልሱ በተነበበበት ዕለት ግን ደብዳቤው ገና አላለቀም ነበር። ከግርጌው ጸሐፊው ጥቂት መስመር ጨምሯል። ሳቁ ጋብ ሲል አነበብኩት። «‹ስለ እጅ ጽሑፉ ጠይቃችኋል። ከእኔ በፊት ይጽፍለት የነበረው፣ አበባ ይስል የነበረው ጓዳችን፣ አሁን ከእኛ ጋር የለም። ክረምቱ እንደወጣ አረፈ። ቀለሞቹ እኔ ዘንድ ናቸው፤ መሳል ግን አልችልበትም።›»

የሞተ ሰው ነበረ። ከደብዳቤው ሞትን ማንበባቸው ልክ ነበር፤ የሳቱት የማን ሞት እንደሆነ ነው። ሽማግሌው ከሣጥናቸው የድሮዎቹን ደብዳቤዎች አውጥተው መደቡ ላይ ዘረጓቸው። አንድ በአንድ ገለጥናቸው። በአንዱም ላይ የጸሐፊው ስም የለም።

«የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ አባባ። አልጻፈውም።»

«አገሩስ?»

«አልጻፈውም።»

«ለእናቱ ማን ነግሯት ይሆን?» አሉ እናትየው። ሲስቁ ወደ አፋቸው የወሰዱትን ነጠላ ሳያወርዱ አለቀሱ። ሽማግሌው ኮርቻውን ተሸክመው ከነበረበት ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ዘመዶቹ እሑድ መጡ፤ ቀርቷል ማለት አልተቻለም፤ ጠላውም ተጠምቋል። ጠጡ፤ ስለ አንድ የማያውቁት፣ አበባ ይስል ስለነበረ ልጅ ሰምተው አዘኑ፤ ፈረሱ ሳይጫን ወደየቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ መልስ ልንጽፍ ተቀመጥን። እኔም ቀኑን የምጽፍበትን ቦታ በቀኝ ራስጌ በእስክሪብቶ አስምሬ ተውኩ። ሰላምታው ተጀመረ። አባትህ፣ እናትህ፣ የክርስትና አባትህ። አላቋረጥኩም።

«የሚጽፍልህን ልጅ እንደምን ሰነበትክ በልልን» አሉ ሽማግሌው። «ቁጣዬን ሰምቶ ስላስተካከለ እግዜር ይስጠው።»

ጻፍኩ።

«የዚያን የአበባውን ልጅ እናት» አሉ እናትየው፣ «እንደምን ሰነበትሽ በላት።»

«እማማ፣ የት እንዳለች አናውቅም እኮ። ደብዳቤው አይደርሳትም። አድራሻ የሌለው ሰላምታ…»

«ይጻፉት» አለች ምራቲቱ።

ወረቀቱ አልቋል። በጠርዙ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ወረቀቱን አዙሬ ጻፍኩት። «አንቺስ፣ እታለም?» አልኩ፤ መልሱን ስለማውቀው፣ ፈረሱም ደህና ነው የሚለውን የት እንደማስገባው እያሰብኩ።

እጇን ዘረጋች። መጀመሪያ ምን እንደፈለገች አልገባኝም። እስክሪብቶውን ሰጠኋት። በክፍል እንዳሳየኋት ሳይሆን በጡጫ ጨብጣው፣ ምላሷን ነክሳ፣ አንድ በአንድ ጻፈች። «ፈረሱም ደህና ነው።»

«እሱ እኮ ማንበብ አይችልም» አልኳት።

«የሚያነብለት ልጅ ‹የመምህሩ እጅ አይደለም› ይለዋል» አለች። «ያኔ የማን እንደሆነ ያውቃል።»

ሌላ ባዶ ቦታ ስላልነበረ የጻፈችው በቀኝ ራስጌ፣ ለቀኑ ባሰመርኩት መስመር ላይ ነው። ፊደሎቿ ትልልቅ ስለሆኑ ቦታውን በሙሉ ጨረሱት። እንዲሁ እንዳለ አጠፍኩት። ያ ደብዳቤ ቀን የለውም።